«ኮፐን»፦ አንድ የሆላንድኛ ግሥ በካርድ ላይ እስኪሰፍር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7

አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ሆላንድኛ በሚለማመዱበት የቅዳሜ ጥናት ላይ፣ ሄግ ከገቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው አንዲት እናት ዛሬ «ትናንት ዳቦ ገዛሁ» ለማለት «ኢክ ኮፕተ» ብለው ጀመሩ። ትክክለኛው «ኮኽት» እንደሆነ ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማርከኝን ደንብ ይዤ እኮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደንቡ የግሡ ግንድ በ«ት»፣ በ«ክ»፣ በ«ፍ»፣ በ«ስ»፣ በ«ኽ» ወይም በ«ፕ» ካበቃ ኀላፊ ጊዜው «ተ» የሚል ቅጥያ ይወስዳል፣ በሌላ ድምፅ ካበቃ ግን «ደ» ይወስዳል ይላል፤ የአገሩ ተማሪዎችም እነዚህን ተነባቢዎች የሚያስታውሱት «እት ኮፍስኺፕ» በሚል የአሮጌ የጭነት መርከብ ስም ነው። «ኮፕ» በ«ፕ» ስለሚያበቃ «ኮፕተ» ማለታቸው ደንቡን በሚገባ የያዘ ሰው ንግግር ነበር።

«ይህኛው ከደንብ የወጣ ነው፤ በቃልዎ ይያዙት እትዬ» ብዬ አለፍኩ። ይሁን እንጂ ወደ ቤት ስመለስ መልሱ ለራሴም አልበቃኝም። በጎልማሳነቱ ቋንቋ የሚማር ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ያገኘ ዕለት ደግሞ ቃሉን አይረሳውም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለዚህ አንድ ግሥ ብቻ የተሟላ የካርድ ስብስብ ልሠራ ወስኛለሁ። እያንዳንዱ ካርድ 7 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በፊቱ ሆላንድኛው በላቲን ፊደል፣ ከሥሩ አነባበቡ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ በጀርባው ፍቺው፣ እርባታውና የእርባታው ምክንያት ይሰፍራል። ምን እንደ ሠራሁና የት እንደ ተሳሳትኩ እዚህ እመዘግባለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ካርድ አርእስቱን «ኮፐን»ን፣ ማለትም «መግዛት»ን የያዘ ነው። ፊደላችን ለዚህ ቃል እንዴት እንደሚመች ሳይ ደስ አለኝ። በሆላንድኛ አርእስት መጨረሻ ላይ የሚሰማው ድክም ያለ አናባቢ በላቲን ፊደል በ«ኢ» ምልክት ስለሚጻፍ ብዙዎቻችን «ኮፔን» እያልን እናነበዋለን፤ ድምፁ ግን ከእኛ ግእዝ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፊደል ጋር እጅግ ይቀራረባል። «ፐ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። የመጨረሻዋ «ን» ደግሞ በብዙ ሰው አንደበት ትዋጣለች፤ በገበያና በትራም ላይ የሚሰማው በአብዛኛው «ኮፐ» ነው።

ፊደላችን የማይረዳን ቦታም አለ። «ኮፐን» ውስጥ ያለው «ኦ» ረጅም ነው። አጭር ሲሆን ቃሉ «ራሶች» ወይም «የጋዜጣ ርእሶች» ማለት ይሆናል፤ በግእዝ ፊደል ግን ሁለቱም ያው «ኮፐን» ናቸው። ሆላንዶች ልዩነቱን የሚያሳዩት ተነባቢውን በመደረብ ነው፤ «ፕ» አንድ ጊዜ ከተጻፈ ከፊቱ ያለው አናባቢ ይረዝማል፣ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ያጥራል፣ ተነባቢው ራሱ ግን በሁለቱም አይጠብቅም። የእኛ ነገር ተቃራኒው ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው በ«ለ» መላላትና መጥበቅ ነው፤ መጥበቁን ግን አንጽፈውም። እነርሱ ሳያጠብቁ ይደርባሉ፣ እኛ እያጠበቅን አንደርብም። ለዚህም ነው ተማሪዎቻችን ድርብ «ፕ» ሲያዩ አጥብቀው የሚያነቡት። በካርዱ ላይ ከረጅሙ አናባቢ ሥር ቀይ መስመር አሰምሬ አልፌዋለሁ።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ የአጻጻፍ ነገር አለ። «ኮ-ፐን» ሲከፈል የመጀመሪያው ክፍለ ቃል በአናባቢ ስለሚያበቃ አንድ «ኦ» ይበቃዋል፤ «ኮፕ» ግን በተነባቢ የተዘጋ ስለሆነ ርዝመቱን ለመጠበቅ ሁለት «ኦ» ይጻፍለታል። ድምፁ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ብቻ ይለያያል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ የቃሉን ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ። ከ1864 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በክፍል በክፍል የታተመው ታላቁ የሆላንድኛ መዝገበ ቃላት ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ለአንድ ግሥ የሚሰጠው ማብራሪያ ብቻ አንድ ምሽት ይወስዳል።

አብዛኞቹ የሥርወ ቃል አጥኚዎች እንደሚሉት «ኮፐን» የመጣው «ካውፖ» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ ይህም ጠጅ ቤት ያለው ሰው ወይም ቸርቻሪ ማለት ነበር። የሮማ ጦር የራይን ወንዝን ድንበር አድርጎ በሰፈረበት ዘመን ከምሽጉ አጠገብ ወይን የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት የጀርመናዊ ቋንቋዎች ተናጋሪዎችም ከእነርሱ ጋር ሲገበያዩ ቃላቸውን ወሰዱ። በዚያው የገበያ ጎዳና የገቡት ሌሎች ቃላት ዛሬም በየዕለቱ አፋችን ላይ ናቸው፤ ወይን፣ አይብ፣ ሳንቲም፣ መንገድና ግንብ በሆላንድኛ የሚጠሩባቸው ቃላት ሁሉ መነሻቸው ላቲን ነው። «ካውፖ» ከሆላንድም ርቆ ሄዷል። የጀርመንኛው «ካውፈን»፣ የስዊድንኛው «ሾፓ»፣ በፊንላንድኛ ሱቅ የሚባልበት «ካውፓ»፣ ሩሲያውያን ለመግዛት የሚሉት «ኩፒት» ሁሉም ከዚሁ ናቸው። እንግሊዞች ርካሽ ለማለት የሚጠቀሙበት «ቺፕ»ም ጥንት «ግብይት» ማለት ነበር፤ ኮፐንሃገን የሚለው ስምም «የነጋዴዎች ወደብ» ማለት ነው።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለእርሱ ነውና። በመካከለኛው ዘመን ሆላንድኛ የግሡ ኀላፊ ጊዜ «ኮፍተ» ይባል ነበር። ይህም ግንዱና «ተ» የሚለው ቅጥያ ሲጋጠሙ «ፕ» ከ«ት» ፊት ወደ «ፍ» ላልታ የተገኘ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው ደንበኛ ግሥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሆላንድኛ አንድ ሰፊ የድምፅ ለውጥ ተካሄደ፤ ከ«ት» ፊት የነበረ «ፍ» ወደ «ኽ» ተለወጠ። «ኮፍተ» «ኮኽተ» ሆነ፣ የመጨረሻው አናባቢም ወድቆ «ኮኽት» ቀረ። ለውጡ ባልደረሰባቸው ጎረቤት ቋንቋዎች አሮጌው ድምፅ ዛሬም አለ፤ ጀርመኖች «ካውፍተ» ይላሉ።

ይህን ለውጥ አንዴ ያየ ሰው በየቦታው ያገኘዋል። ጀርመኖች ኃይልን «ክራፍት» ሲሉ ሆላንዶች «ክራኽት» ይላሉ፤ አየር በጀርመንኛ «ሉፍት»፣ በሆላንድኛ «ሉኽት» ነው፤ የእንግሊዝኛው «አፍተር» ዘመዱ እዚህ «አኽተር» ይባላል። የአምስተርዳም የውሃ ቦዮች መጠሪያ የሆነው «ኽራኽት»ም «መቆፈር» ከሚለው ግሥ የወጣና ጥንት «ኽራፍት» ይባል የነበረ ቃል ነው። ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን «ሶፍት» ነው። በአገራችን አፍና እጅ የሚጠረግበትን ስስ ወረቀት የምንጠራበት ይህ ቃል በእንግሊዝኛ «ለስላሳ» ማለት ነው፤ የሆላንድኛው ወንድሙ ደግሞ «ዛኽት» ነው። ዛሬ በጥናቱ ላይ ከኪሴ ሶፍት አውጥቼ «ይህ እዚህ አገር ሲመጣ ፍ ወደ ኽ ይዞራል» ስላቸው እትዬ ከእኔ ቀድመው «ስለዚህ ኮፍተም ኮኽት ሆነ በለኛ!» አሉ። በካርዱ ጀርባ ላይ ያሰፈርኩት ይህንኑ ነው፤ «ከደንብ የወጣ» የሚለውን ሐረግ ሰርዤ «ደንበኛ የነበረ፣ ድምፁ የተለወጠ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ካርዶቹን በእርሳስ እንደ ተጻፉ ይዤ በሄግ ወደሚገኘው ትልቁ የውጭ ገበያ ሄድኩ፤ ገበያው በሳምንት አራት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይውላል። ዓላማዬ ግሡ በሰው አፍ ላይ ምን ያህል እንደሚውል መስማት ነበር። ከአንድ ሽንኩርትና ድንች ሻጭ መደብር አጠገብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ «መግዛት እፈልጋለሁ» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም «ማኽ ኢክ» ብለው፣ ማለትም «ይፈቀድልኝ» በሚል ጨዋ አነጋገር ይጀምሩና የሚፈልጉትን ይጠራሉ፤ ሻጩም ሽንኩርቱን በወረቀት ከረጢት እያስገባ «ሌላስ?» ይላል። የዕለት አስቤዛ መሸመትም በዚህ ግሥ አይነገርም፤ «ቦትስኻፐን ዱን» የሚባል የራሱ አነጋገር አለው። «ኮፐን» የሚመጣው ሰው ስለ ግዢው ሲያወራ፣ ማን ምን የት በስንት እንደ ገዛ ሲናገር ነው። ይህ ለመጽሐፍ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሻጭ ፊት ለሚቆም እንግዳ ሰው ግን ትልቅ ነገር ስለሆነ ለብቻው ካርድ ሠርቼለታለሁ።

ማታ የእርባታውን ካርድ ጨረስኩ። በአሁን ጊዜ ሦስት ቅርጽ ብቻ አለ፤ «ኢክ ኮፕ» እገዛለሁ፣ «ዬይ ኮፕት» ትገዛለህ ወይም ትገዢያለሽ፣ «ሄይ ኮፕት» ይገዛል፣ «ቬይ ኮፐን» እንገዛለን፤ ለእናንተና ለእነርሱም ያው «ኮፐን» ነው። ጥያቄ ሆኖ ግሡ ወደ ፊት ሲመጣ «ዬይ» የ«ት»ን ድምፅ ታስጥላለች፤ «ኮፕ ዬይ?» ይባላል እንጂ «ኮፕት ዬይ?» አይባልም። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ይህን «ት» ሳላወጣ ጽፌ ነበር፤ ካርዱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። በኀላፊ ጊዜ ያሉት ቅርጾች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለነጠላ «ኮኽት»፣ ለብዙ «ኮኽተን»።

የእኛ ግሥ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም የታየኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ስጽፍ ነው። ገዛሁ፣ ገዛህ፣ ገዛሽ፣ ገዛ፣ ገዛች፣ ገዛን፣ ገዛችሁ፣ ገዙ፤ ባለቤቱ ከግሡ ውስጥ ስላለ «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። በሆላንድኛ ግን ባለቤቱ ከተዘለለ «ኮፕ ብሮት» የሚለው «ዳቦ ግዛ!» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ተማሪዎቻችን ሳያውቁት ሰው ሲያዝዙ የሚታዩት ለዚህ ነው እንጂ ጨዋነት ጎድሏቸው አይደለም። በቀይ ቀለም «ባለቤቱን አትዝለል» ብዬ ጽፌበታለሁ።

በሌላ በኩል አማርኛ የሚጠቅመን ቦታ አለ። ሰው በንግግር «ትናንት ዳቦ ገዛሁ» ሲል ብዙ ጊዜ «ኮኽት»ን ትቶ «ኢክ ሄፕ ኺስተረን ብሮት ኸኮኽት» ይላል፤ «ሄፕ» ረዳት ግሥ ስትሆን፣ ዋናው ግሥ «ኸ» የምትል ቅድመ ቅጥያ ይዞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሌላው የአውሮፓ ሰው ግሡን እስከ መጨረሻ ማቆየት ይከብደው ይሆናል፤ ግሡን ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ማሳረፍ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ግን ቤቱ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 22

ከቅዳሴ በኋላ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ኒውኮፕ ሄድኩ። ስሙ «አዲስ ግዢ» እንደ ማለት ነው፤ እዚህ ድረስ የመጣሁትም ለዚህ ስም ነው። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ምዕተ ዓመት የሆላንድ መሳፍንትና የኡትሬክት ጳጳሳት ሰው ያልሰፈረበትን ረግረግ አቅንቶ ማረስ ለሚሹ ሰዎች መብቱን በውል ይሸጡ ነበር፤ ውሉም «ኮፐ» ይባል ነበር። አንዱ ገበሬ የሚያገኘው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ 1250 ሜትር ያህል የሚረዝምና 113 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ 14 ሄክታር ገደማ የሚደርስ መሬት ነበር። ሰፋሪው በየዓመቱ ጥቂት ግብር ከመክፈሉ በቀር ነጻ ሰው ነበር። በአካባቢው «ኮፕ» ብለው የሚያበቁ የቦታ ስሞች የበረከቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

በኒውኮፕ ብዙው መሬት በኋለኛው ዘመን ለማገዶ የሚሆነው ጥቁር የረግረግ አፈር ስለ ተቆረጠ ሐይቅ ሆኗል። ከአውቶቡሱ መስኮት ግን እዚህም እዚያም ቀጭን ረጃጅም ማሳዎች በቦይ ተለያይተው ተኝተው ይታዩ ነበር። እርሻውን እያየሁ የራሳችንን ግሥ አሰብኩ። «ገዛ» በአማርኛ «በገንዘብ ወሰደ» ነው፤ «አስተዳደረ፣ ነገሠበት»ም ነው፤ «በገዛ እጁ» ስንል ደግሞ የራስ መሆንን ይናገራል። በግእዝ «ጌታ» ማለት የሆነው «እግዚእ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የሆላንዱ ግሥ ከቸርቻሪ ተነሥቶ መሬት እስከ ማቅናት ሲደርስ፣ የእኛው ከጌትነት ተነሥቶ ወደ ገበያ ወርዷል። ስለዚህ «ገዢ» የሚለውን ፍቺ በካርድ ላይ ብቻውን መተው አይቻልም፤ ሹም የመሰለው ተማሪ ሊኖር ይችላል። ሆላንዶችም በዚያው ቃል ላይ የራሳቸው መንታ አላቸው፤ «ኮፐር» ገዢ ነው፣ በሌላ ሥር ደግሞ መዳብ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ ጠዋት እትዬ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጄ፣ የምኖርበት ቤት መስኮት ላይ ያ ያስተማርከን ቃል በትልቁ ተለጥፏል፤ ከፊቱ ግን ሌላ ነገር አለበት» አሉኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠርኳቸው፤ «ፈርኮኽት» ነበር። «ተሽጧል» ማለት ነው።

ይህን ካርድ ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጬው ነበር፤ ዛሬ በስልክ አስተማርኩት። «ፈር» የምትል ቅድመ ቅጥያ «ኮፐን» ላይ ስትገባ አቅጣጫውን ገልብጣ «ፈርኮፐን»ን፣ መሸጥን ትሰጣለች፤ «ፈር» ያለበት ግሥ «ኸ»ን ስለማይወስድ «ኸፈርኮኽት» የሚባል ነገር የለም። ቤት ለገበያ ሲቀርብ መስኮቱ ላይ «ተ ኮፕ»፣ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ዋጋው ሲቆረጥ «ፈርኮኽት» የሚል ይለጠፍበታል። ባለቤቱ ለእርሳቸው አንዲት ቃል ሳይናገር መሸጡ አሳዝኖኛል።

ሆኖም የፈሩት ነገር አልደረሰባቸውም። በዚህ አገር «ኮፕ ብሬክት ኼን ሁር» የሚባል አሮጌ የሕግ አነጋገር አለ፤ ቃል በቃል «ግዢ ኪራይን አይሰብርም» ማለት ነው። ይህም በፍትሐ ብሔር ሕጉ 7ኛ መጽሐፍ 226ኛ አንቀጽ የሰፈረ ሲሆን፣ የተከራየ ቤት ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን አከራይ መብትና ግዴታ ይዞ ይገባል እንጂ ተከራዩን በሽያጩ ምክንያት ማስወጣት እንደማይችል ይደነግጋል። የእትዬ ውል ጊዜ ያልተገደበለት ነው፤ ስለዚህ ውላቸው እንዳለ ይቀጥላል። ማታ ቤታቸው ሄጄ ውሉን አብረን አነበብነው። ቡና አፍልተው ሲያበቁ ሐረጉን በእጃቸው በካርድ ላይ ጻፉት፤ የእርሳቸውን ጽሑፍ ሳልነካ በስብስቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28

የቀሩትን ተወላጅ ቃላት ዛሬ ጨረስኩ። «ኹትኮፕ» ማለት «ጥሩ ግዢ» ሲሆን ርካሽ ማለት ነው፤ «ኦምኮፐን» በጉቦ ሰው ማባበል ነው፣ እኛም «ምስክር ገዛ» እንላለንና ፍቺው ያለ ማብራሪያ ይገባል። «ፍሬይኮፐን»ን ዋጋ ከፍሎ ነጻ ማውጣት ብዬ ጀምሬ፣ ኋላ «ዋጀ» የሚለው ቃላችን ትዝ ሲለኝ አራቱን ቃላት በአንዱ ተካሁ። «ኮፕማን» ነጋዴ ነው፤ በ1602 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ውስጥም ከበላይና ከበታች ደረጃ ጋር የሹመት ማዕረግ ነበር።

ኅትመቱ ላይ ግን ችግር ገጠመኝ። በ160 ግራም ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ካርዶች አውጥቼ ስመለከት «ኸ» እና «ከ» አልለይ አሉኝ፤ ሁለቱን የሚለየው በራስ ላይ ያለው ትንሽ አግዳሚ ስለሆነ፣ ባለ 9 ነጥቡ ጽሑፍ ሲደምቅ አግዳሚውን ውጦታል። «ኸኮኽት» «ከኮክት» መስሎ ወጣ። የሚማረው ሰው የሚሰማው ከጉሮሮ የሚፋቅ ድምፅ ነው፣ የሚያየው ግን ሌላ ነው። ሃያውንም ትቼ ጽሑፉን ወደ 14 ነጥብ አሳደግሁ፣ ድምቀቱንም አነሣሁ፤ አሁን አግዳሚው ከአንድ ክንድ ርቀት ይታያል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ካርዶቹ ዛሬ በጥናቱ ላይ ዋሉ። አንድ ወጣት «ኮኽት»ን ካየ በኋላ «ፈለገ» የሚለውን «ዞኽት»ንና የእንግሊዝኛውን «ቦውት» አምጥቶ «እነዚህም ፍ ነበሩ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። አይደሉም። የ«ዞኽት» አርእስት «ዙከን» ነው፤ ግንዱ በ«ክ» ስለሚያበቃ «ኽ» የተገኘችው «ክ» ከ«ት» ፊት ጥንት ከመላላቷ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃልም ሲጻፍ የሚታዩት የማይነበቡ ሁለት ፊደላት የጥንት «ግ» ቅሪት ናቸው። በመልክ አንድ ቤተሰብ ቢመስሉም የመጡበት መንገድ ይለያያል። ሶፍቱ የሚሠራው ለ«ኮኽት» ነው፤ ይህንንም በካርዱ ጀርባ ከግርጌ በእርሳስ ጨምሬያለሁ፣ በሚቀጥለው ኅትመት በቀለም ይገባል። ለ«ዙከን» ባዶ ካርዶች ቆርጬ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ።